የገበሬው ልጅ በውጤቱ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የማኅበራት ድርሻ

የገበሬ ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመማር ያለው ዋነኛ መንገድ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ፈተና ያለፈና በመንግሥት የተመደበ ወጣት የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ አስቀድሞ ከኪሱ አያወጣም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት የሚደርስበትን ድርሻ የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ካገኘ በኋላ ነው። በመሆኑም በሬውን ሳይሸጥ፣ መሬቱን ሳያከራይ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ለማብቃት ለሚመኝ ገበሬ ተስፋው ይኸው በውጤት የሚገኝ ዕድል ነው።

ይህ ዕድል ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ከሆነና ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አልፈዋል። ውጤቱ መሻሻል ማሳየቱ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ውስጥ ዘጠና ሁለት ያህሉ የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም።

ከዚህም በላይ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ቁጥር አለ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎችን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ቢወድቅ ስንፍናው የራሱ ነው ሊባል ይችላል። በትምህርት ቤቱ ያሉት ሁሉ ከወደቁ ግን ጥፋቱን በልጆቹ ላይ መጫን ከእውነት መራቅ ነው።

የልዩነቱ መነሻ

ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። ዝናብም ለሁሉም እኩል ይዘንባል፤ ነገር ግን ሦስቴ በታረሰ ማሳና ባልታረሰ ማሳ ላይ የዘነበ ዝናብ የሚሰጠው ምርት አንድ አይደለም። የገጠር ልጅና የከተማ ልጅ በፈተናው ቀን እኩል ቢቀመጡም የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው።

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ያለው ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ በየዕለቱ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመላለሳል፣ አለዚያም ወደ ወረዳው ከተማ ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ ይውልና እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይጓዛል። በሶውና ቆሎው ሐሙስ ካለቀበት ዓርብን የሚማረው በባዶ ሆድ ነው። የከተማው ተማሪ በዚያው ቅዳሜና እሑድ ያጥናል፤ ወላጆቹ አቅም ካላቸውም አስጠኚ ይቀጠርለታል።

የቋንቋው ችግርም ቀላል አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ሒሳቡም የሚጠየቀው በዚሁ ቋንቋ ነው። ከመማሪያ ክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የማይሰማ፣ ቤተ መጻሕፍት የሌለው፣ የሙከራ መሣሪያን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄውን መመለስ የሚችል ሆኖ ሳለ የተጠየቀውን ባለመረዳቱ ነጥብ ያጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒዩተር እየተፈተኑ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. ራሱን እንዲያስተዳድር በሕግ ከተወሰነ በኋላ በራሱ የመግቢያ ፈተና ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። ኮምፒዩተር ነክቶ ለማያውቅ ልጅ ይህ ሁሉ ተጨማሪ ዳገት ነው።

በዚህ ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነትና ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፣ አውድሟል። ከትምህርት ገበታው ለዓመት ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ልጅ ካልተቋረጠበት ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

ከመንግሥት የሚጠበቀው

መምህራንን ማሟላት፣ መጻሕፍትን ማቅረብ፣ ቤተ ሙከራ ማደራጀትና ትምህርት ቤቶችን በየአካባቢው ማስፋፋት የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ይህን ኃላፊነት ወደ ገበሬው ማሸጋገር አይገባም። የማኅበር መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት መጠየቅ ነው። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ አስፈተነ? ስንቱ አለፈ? የሒሳብና የፊዚክስ መምህር አለው ወይስ የለውም? እነዚህን ጥያቄዎች ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ በስብሰባና በጽሑፍ ማቅረብ ይገባል። ማዳበሪያ ሲዘገይ ወረዳውን የሚያጨናንቅ ማኅበር መምህር ሳይኖር ሴሚስተር ሲያልፍ ዝም ማለት የለበትም።

በማኅበሩ እጅ ያለው

ሆኖም ከመንግሥት ሳይጠበቅ በማኅበሩ ውሳኔ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሥራም አለ። ይኸውም የልጁን ጊዜ ማስጠበቅ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቶች ሥራቸው በሚደራበት በዚያ ሰዓት የገጠሩ ተማሪ ከክፍል ይቀራል። ብሔራዊ ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሲሰጥም የእርሻና የዘር ሥራ ከፈተናው ዝግጅት ጋር ይገጥማል። አባት ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ትምህርትን ጠልቶ አይደለም፤ እህሉ በማሳ ላይ እንዳይረግፍበት ሰግቶ ነው። ለዚህ መፍትሔው በእጃችን ያለው ደቦ ነው። በማኅበሩ ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያላቸው አባወራዎችና እማወራዎች በመስከረም ተመዝግበው፣ የእነርሱ ሰብል በቅድሚያ በደቦ ቢታጨድ፣ ልጁ ከክፍል አይቀርም፤ አባትም አይጎዳም። በተለይ ባሏ የሞተባትና ጉልበቱ የልጇ ብቻ የሆነባት እናት የዚህ ድጋፍ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ልትሆን ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠለያ ነው። በከተማ ተበታትነው የሚከራዩ ልጆች ብዙ ይከፍላሉ፣ የሚቆጣጠራቸውም የለም። የአንድ ቀበሌ ወላጆች በጋራ አንድ ቤት ተከራይተው፣ ምግብ የምታበስልና ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት እናት ቢመድቡ፣ ልጆቹ እንጨት ከመልቀምና ውኃ ከመቅዳት ተርፈው ያጠናሉ። ስንቁንም በየተራ በአንድ አህያ ማድረስ ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ሦስተኛው የሴቶች ልጆች ጉዳይ ነው። ጥር በገባ ቁጥር ሽማግሌ የሚላክባት የ9ኛ ክፍል ልጅ ለፈተናው ሳትደርስ ትቀራለች። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ሽማግሌ ሆኖ የሚላከው ብዙውን ጊዜ የተከበረ የማኅበር ሰው ስለሆነ፣ መሪዎች እኛ ለዚህ ሽምግልና አንሄድም ቢሉ ብቻ ብዙ ልጃገረዶች በትምህርታቸው ይቆያሉ።

አራተኛው ወሬውን ማድረስ ነው። የወጪ መጋራትን በቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ የመሰላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ከወዲሁ ተስፋ ያስቆርጣሉ፤ እንዲህ እንዳልሆነ ሊነገራቸው ይገባል። 50 በመቶ ሳያመጡ የተወሰነውን ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎችም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት ተዘጋጅቷል። የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ የሚሰማ ማስታወቂያ ግን ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ በየማኅበሩ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚገናኝ አንድ ሰው ተመድቦ የሰማውን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድና በገበያ ቀን ለሕዝቡ ቢያሰማ መልካም ነው።

ተምሮስ ምን ይሆናል?

ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶችን እያዩ ልጅ ማስተማር ምን ያደርጋል የሚሉ ገበሬዎች አሉ። ጥያቄያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሥራ ያጣ ምሩቅ በየመንደሩ አለ። ሆኖም መሬቱ ለአራት ወንድማማቾች ሲከፋፈል ለማናቸውም እንደማይበቃ ከገበሬው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፈተናውን ላላለፉትም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ክፍት ነው፤ እስከ 12ኛ ክፍል በሚገባ የተማረ ልጅ ለዚያም የተሻለ ዝግጅት አለው። ደግሞም ከገጠር የሚወጣ ሐኪም፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም መሐንዲስ ከሌለ፣ ስለ ገጠሩ የሚወስኑት ጭቃውን ያልረገጡ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ።

የማኅበር መሪዎች የዘንድሮውን የሰብል ስብሰባ ሲጠሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ዝርዝር ከአጀንዳው ጋር ቢይዙ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የስንት ልጆች ስም በዝርዝሩ እንዳለ፣ የስንቱ ሰብል በደቦ እንደተነሣና ከመካከላቸው ስንቱ ለፈተና እንደቀረበ በዓመቱ መጨረሻ ለጉባኤው ሪፖርት ሊደረግ ይገባል።