የዶሮን ቤት ከብርድ ስለ መጠበቅ

ስለ በሬና ስለ በቅሎ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ዶሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የጨውና የቡና ዋጋ ከእንቍላል እንደሚወጣ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ የዛሬው ነገራችን የዶሮን ቤት ከብርድ ስለ መጠበቅ ነው።

በሀብሩ ወረዳ ያለችው ግራና የሸለቆ አገር ናት። ቀኑ ሞቃት ስለ ሆነ በዚያ አገር ዶሮ በብርድ አትጎዳም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የምድር ሙቀት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ነውና ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ያደገች ዶሮ የገላዋ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ላባዋም ልብሷ ነው። ጫጩት ግን ልብስ የላትም፤ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ትሻለች፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። እናቲቱ ያላቀፈቻት እንደ ሆነ ባንድ ሌሊት ልትሞት ትችላለች።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከቤት የተጣለው ይበቃል። ግድግዳውን ከውጭ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ መምረግ፤ ከውስጥም አሮጌ ጆንያ ወጥሮ በመካከሉ ደረቅ የጤፍ ጭድ መጠቅጠቅ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩም ውሃ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ የማሽላ አገዳ ደርድሮ ጭድ መጨመር ይገባል። መሬቱም አራት ጣት ያህል ጭድ ይነጠፍበት። የቆጡ እንጨት ጠፍጣፋ ቢሆን ዶሮዪቱ እግሯን በላባዋ ሸፍና ታድራለች።

ከሁሉ ይልቅ ልናሳስብ የምንወደው ይህን ነው፤ ብርድ ይገባል ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ከብርዱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ከትንፋሽና ከኩስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ክፉ ሽታውም ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። ስለዚህ ከታች ነፋስ እንዳይገባ ዘግቶ፣ ከቆጡ በላይ በጣራው ሥር አንድ ጋት ያህል ክፍት መተው፤ ሽለምጥማጥም እንዳይገባበት በሽቦ መከለል ነው። ጧት ገብታችሁ ሽታው ዓይናችሁን ቢቈነጥጥ ወይም ጆንያው ረጥቦ ብታገኙት መተንፈሻው አንሷልና አስፉት፤ የረጠበውንም ጭድ ለውጡ።

ደረቅ ሣርና ጭድ ሙቀት እንደሚይዝ በአገራችን ተፈትኖ ታይቷል። በጅማ የግብርና ኮሌጅ መምህራን ዙሪያው በሣር በተጠቀጠቀ ሣጥን ጫጩቶችን ያለ መብራትና ያለ ላምባ፣ በገዛ ገላቸው ሙቀት ማሳደግን ሞክረውታል።

ፈንግል ግን ከብርድ የሚመጣ ደዌ አይደለም፤ ተላላፊ ነውና መከላከያው ክትባት ነው። ቤቱን ማሞቅ ክትባቱን አያስቀርም።

የተጣለው ጆንያ ዛሬ ቢነሣ በጥር ጧት የጫጩቶቹ ቍጥር እንደ ማታው ይገኛል።