ከማሞግራፊው በፊት እጅ ይቅደም

የፈረንጆቹ ኦክቶበር በገባ ቁጥር ስልካችን ሮዝ በሮዝ ይሆናል። ሪባን እንለጥፋለን፣ «ሴቶች የጡት ካንሰር ምርመራ አድርጉ» እንላለን፣ ሼር እናደርጋለን። ደግ ነገር ነው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሆለታ ያለች እናት ይሄን አይታ «ነገ ጠዋት እመረመራለሁ» ብትል የት ትሂድ? ምን ብላስ ትጠይቅ?

አብዛኞቻችን «ማሞግራፊ» እንላለን። ማሞግራፊ ጡትን ጫን አድርጎ የሚነሳ ራጅ ነው። ትልቁ ጥቅሙ በእጅ የማይዳሰስ ትንሽ ዕጢ ማሳየቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2024 የወጣው መመሪያ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች ምንም ምልክት ባይኖራቸውም በየሁለት ዓመቱ እንዲነሱ ይመክራል። አቅሙ ያላት፣ ዕድሜዋም የደረሰ ብትነሳ እሰየው።

ነገር ግን ማሽኑ ብቻውን አያድንም። ራጁን የሚያነብ ባለሙያ፣ ናሙናውን የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ መኖር አለባቸው። በዚያ ላይ የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ራጁ ላይ ዕጢው ሊደበቅ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ብዙዎቹ ታማሚዎች 50 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ናቸው።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች እንደተያዙ ዓለም አቀፍ ግምቶች ያሳያሉ። ብዙዎቹ ሐኪም ጋ የሚደርሱት ዕጢው በእጅ ከታወቀ ከወራት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ይሄ ራጅ ያጣ ዕጢ አይደለም። እጅ ያገኘው፣ አፍ ግን ዝም ያለው ዕጢ ነው።

ለምን ዝም ይባላል? አንዷ «አያመኝም» ትላለች፤ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምምማ! አንዷ ጠበል ትሄዳለች። ጠበሉ ይቀጥል፣ ምርመራውም አይቅር። ሌላዋ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ጡቷን የሚዳስስ ሳታገኝ ማስታገሻ ይዛ ትመለሳለች።

«ታዲያ ለየከተማው ማሽን ይገዛ» የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2014 ባወጣው ምክር፣ የጤና ሥርዓታቸው ደካማ የሆነ አገሮች ምልክት ያላትን ሴት ቶሎ መርምሮ ማከምን እንዲያስቀድሙ ነው ያሳሰበው። ሕንድ ሙምባይ ውስጥ ደግሞ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶችን ያሳተፈ፣ 20 ዓመት የፈጀ ጥናት ተካሂዷል። የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጅ የመረመሩላቸው ሴቶች በሽታው ገና ሳይሰፋ ተገኝቶላቸዋል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ሞቱ 30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ያለ ማሞግራፊ!

ይሄ ለሆለታ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ አይከብድም። ለቤተሰብ ምጣኔ ወይም ልጇን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ የመጣች ሴት በዚያው ጡቷን ትመርመር። እብጠት ከተገኘ ደግሞ «አዲስ አበባ ሂጂ» የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም። ሆለታ በአምቦ መንገድ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት፤ ለትራንስፖርት፣ ለወረፋና ለምልልስ ገንዘብ ለሌላት ግን ሩቅ ነው። ቀጠሮዋ ተይዞላት ትሂድ፤ መድረሷንም የላካት ጤና ጣቢያ ይከታተል። የዓለም ጤና ድርጅት ከመጀመሪያው ቀን እስከ ምርመራው ውጤት ከ60 ቀን መብለጥ የለበትም ይላል። ሆስፒታሎቻችንም በዚህ ይለኩ።

እናንተስ? ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው። ሪባኑን ለጥፉ፤ ከዚያ ግን እናታችሁ፣ እህታችሁ፣ አክስታችሁ ጋ ደውሉ። «ጡትሽ ላይ እብጠት አለ? ቆዳው ተጨማዷል? ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል? ፈሳሽ ወይም ደም ይወጣዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር ይኖራል፤ ይለፍ። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ መለየት የሚቻለው ግን በምርመራ ነው። «አዎ» ካለች፣ «አይዞሽ» ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። ቀን ቁረጡና አብራችኋት ሂዱ።