ፖስተሩ ሳይለጠፍ መጋረጃው ተዘጋ

የመንግሥት ኮሌጆቻችን አዳራሽ አላቸው፤ መድረክም፣ ክራርና ማሲንቆ አሳምሮ የሚጫወት ተማሪም አላቸው። የጎደላቸው ለሕዝብ የሚወጣ የዝግጅት ፕሮግራም ነው። የሚቀጥለው ወር ኮንሰርት መቼ እንደሆነ የግቢው ዘበኛ ሳያውቅ አይቀርም። እኛ ግን የምንሰማው ካለቀ በኋላ፣ «አመለጣችሁ!» ከሚል ጓደኛ ነው።

«የበጀት እጥረት» ይሉናል። አንቀበልም! የሦስት ወር ዝግጅቶችን ከነቀናቸው በአንድ ገጽ አትሞ በር ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? ለክብር እንግዶች የሚታተመው የሚያብረቀርቅ የጥሪ ካርድስ በማን በጀት ነው?

ኮሌጅ ምን መሥራት እንደሚችል ይህች አገር አይታለች። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 የተወለደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ነው። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱና በገናው በአንድ መድረክ ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ1969 የቡድኑ አባላት አሜሪካ ተሻግረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተጫወቱ። ያ ሁሉ የሆነው ሥራቸው ከግቢ አጥር ስለወጣ ነው።

የዛሬው ተማሪ ግን ለባዶ ወንበርና ለረጅም ንግግር ይለማመዳል። ሰሚ ሳያገኝ ይመረቃል፤ ከዚያ የሠርግ ኪቦርድ ይጠብቀዋል። ከዚያ «ባህላችን ጠፋ» ብለን ስብሰባ እንጠራለን!

እንግዲህ ጥያቄያችን ሦስት ነው፤ ፕሮግራሙ ቀድሞ ይለጠፍ፤ ሰዓቱ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ይሁን፤ በሩም ያለ ካርድ ይከፈት። አዳራሹ በግብራችን ተሠርቷል። ወደ ገዛ ቤታችን ለመግባት ጥሪ አንለምንም።