የድመት ቁንጫ በፍሊት አይጠፋም

ድመት አይጥ እስከያዘች ድረስ ስለ ጤናዋ የሚጨነቅ ቤት ጥቂት ነው። ቁንጫ ሲበዛባት ግን ፍሊት ይነፋባታል፤ አለዚያም ለውሻ የተገዛ መድኃኒት ይፈስባታል። ሕክምና ይሉታል፤ መመረዝ ነው። ውሻ የሚችለውን ፐርሜትሪን የድመት ጉበት በቀላሉ አያስወግደውም፤ ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል።

የሆድ ትሉም ከቁንጫው ጋር የተያያዘ ነው። ድመቷ ገላዋን ስትልስ የምትውጠው ቁንጫ የትል እጭ ሊይዝ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ይታያል (ሰው ከጥሬ ሥጋ የሚይዘው ኮሶ አይደለም፣ ዘመዱ እንጂ)። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ቁንጫው ካልጠፋ ግን ትሉ ይመለሳል። የቁንጫው እንቁላል ደግሞ ምንጣፍና መኝታ ላይ ነው የሚራገፈው። እናም በክብደቷ ልክ የታዘዘ የድመት መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ የምትተኛበት ጨርቅም በሙቅ ውኃ ይታጠብ። መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ችላ ሊል አይገባም፤ ያንኑ ቁንጫ ሕፃኑም ሊውጠው ይችላል።