የቤተሰብ ማዕዘን፦ በእርዳታው ምሽት ትሪ የሚይዙ ልጆቻችን

ለተሰዉ ጓዶች ቤተሰቦች፣ ለአካል ጉዳተኞች ወይም ለአረጋውያን መጦሪያ ተብሎ የገቢ ማሰባሰቢያ የእራት ምሽት በሚዘጋጅበት ጊዜ እንግዳ ተቀብለው የሚያስቀምጡት፣ የቶምቦላ ዕጣ የሚሸጡትና ትሪ ይዘው በየጠረጴዛው የሚዞሩት አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል የወታደር ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። አባት በግዳጅ ላይ ሲሆን «ትሂድ ወይስ ትቅር?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጡን የምትናገረው እናት ብቻዋን ናት። በዚህ ጉዳይ የሠራዊቱን ባለቤቶች ባነጋገርንበት ወቅት የሰማናቸው ቅሬታዎች በቀላሉ የሚታለፉ ሆነው አላገኘናቸውም።

አንዲት የአሥር አለቃ ባለቤት «እኔ ልጄን ያሳደግኋት የነጋዴ ሳህን እንድታነሣ ነወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ከኩራት የመጣ ነው፤ ኩራቱም የተገባ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር እናስታውሳቸው። አዲስ አበባ የሚገኘው፣ ስንቱ ቁስለኛ የታከመበት የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሲመሠረት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተሰዶ እንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ ግን እርሳቸው በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ የታመመ ሕፃን ገላ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ የዚያው ሙያ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በአገራቸው ሕዝብ ዘንድ ገንዘብ ለማሰባሰብ ደከሙ፤ ሆስፒታሉም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። በኋላ ለሠራዊቱ የተላለፈው ይኸው ነው። የእኛ ቁስለኛ የሚተኛበት ቤት ከመዋጮ የተነሣ ከሆነ፣ ለሌላው መዋጮ በሚሰበሰብበት ምሽት ልጃችን ትሪ መያዟ ውርደት የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ተማሪዎቻችንም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አዲስ አይደሉም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ተሸፋፍኖ በነበረበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁርሳቸውን ትተው ለተራበው ወገን ገንዘብ ለማዋጣት ተነሥተው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተዋል፤ ያ ግን ግዴታ ነበር እንጂ ፈቃድ አልነበረም። ልዩነቱን ያለ ነገር አላነሣነውም። ዛሬም ስሙ በበጎ ፈቃደኛነት ከተመዘገበ በኋላ ባይመጣ እንደ ቀሪ የሚቆጠርበት ተማሪ አለ። እንዲህ ያለውን ፈቃድ ብለን ለመጥራት ይቸግረናል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። በተገኘንበት በአንድ ምሽት፣ ዕድሜው ከ12 ዓመት የማይበልጥ የአንድ የተሰዋ ጓዳችን ልጅ የአባቱን ኮፍያ ደፍቶ መድረክ ላይ እንዲወጣ ተደረገ። የመድረኩ መሪ ድምፅ ማጉያውን አስጠግቶ «አባትህ ትዝ ይልሃል?» ሲል ጠየቀው። ልጁ ጫማውን ተመለከተ። እናቱ ከኋለኛው ረድፍ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። አዳራሹ አለቀሰ፤ ለጨረታ የቀረበው ሥዕልም ዋጋው ወዲያው ወደ ላይ ወጣ።

ገንዘቡ መጨመሩን አንክድም። አዘጋጆቹም ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። ነገር ግን ይህ ልጅ ሰኞ ጠዋት፣ ትሪ ይዘው ሲያዩት ካመሹት ተማሪዎች ጋር በአንድ የትምህርት ቤት በር ይገባል። አባቱ የሞተው ለአገር እንጂ ለጨረታ ማድመቂያ አይደለም።

ነገሩን ያስተዋለችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ልጁ ከመድረክ እንደ ወረደ ሄዳ አላባበለችውም፤ «ና እስቲ፣ ውሃ ማመላለሱ አቅቶናል፣ አግዘን» አለችው። ኮፍያውን ለእናቱ ሰጥቶ እስከ ፍጻሜው ድረስ ጠርሙስ ሲያመላልስ አመሸ። የተሰበሰበው ገንዘብ መጠን ሲነገርና ሲጨበጨብ እርሱ በጓዳ በኩል ባዶ ሣጥን ይደረድር ነበር።

ስለዚህ፣ እናቶች፣ ልጃችሁ ትሪ ልያዝ ቢላችሁ ፍቀዱለት፤ ሐዘኑን መድረክ ላይ እንዲያሳይ ቢጠየቅ ግን ከልክሉ። ስለ አባቱ በራሱ ፈቃድ መናገር የሚሻ ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እርሱም ቢሆን አስቀድሞ ከእናቱ ጋር ይምከር።

አዘጋጆችን በሚመለከት ጥቂት ነገር እንጨምር። የቶምቦላው ዕጣ ተራ ቁጥር ይኑረው፤ ሣጥኑ ይታሸግ፤ ቆጠራውም በሁለት አዋቂዎች ፊት ተደርጎ ይፈረምበት። ሂሳብ ቢጎድል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ወደ ልጆቹ ነውና ተማሪ ከገንዘብ ጋር ብቻውን አይተው። ሴቶች ልጆች መጠጥ ወደ በዛበት ጠረጴዛ ብቻቸውን አይላኩ። ተማሪዎቹ አስቀድመው እራታቸውን ይብሉ፤ የእንግዳ ምግብ ሲያቀርቡ አምሽተው ጦማቸውን ወደ ቤት የገቡ ልጆች አይተናል። የሚመለሱበት ሰዓት፣ የሚያደርሳቸው መኪናና የኃላፊው ስም ከሁለት ቀን በፊት ለእናት ይነገር፤ ይህ ካልተነገረ ልጅቷ የዚያን ዕለት ከቤት ትዋል።