ወይ ኳስ ወይ አማርኛ?



ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴ ከጉለሌ ደወለች። ልጄ ኳስ እንደጀመረ ሰምታ ኖሮ፣ “የኔ ጌታ፣ የት ቦታ ነው የምትጫወተው?” አለችው። “ማቲውስ ፓርክ” አላት። እሷ መጠየቋ ተከላካይ ነህ ወይስ አጥቂ ማለቷ ነበር። ዕድሜ ልኳን ጊዮርጊስን የደገፈች ሴት ናት፤ የሲዋርድ ሜዳ ስም ምን ያደርግላታል! “አጥቂ ነህ ወይ?” ስትለው ቃሉ አልገባውም። ስልኩን መልሶ ሰጠኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ልምምዱ ከቅዳሜ ክፍላችን ጋር ሲጋጭ “እንደፈለግክ” አልኩትና ሁለት ወር ከአማርኛ ቀረ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ባዶዎቹ ወንበሮች ይናገራሉ። አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችን “ልጆቹ አንዱን ይምረጡ” እያልን ነው። እኔ አልስማማም። አስመርጠናቸው እንደሆነ ማን እንደሚሸነፍ እናውቃለን። ደግሞስ ኳስን ለእንግሊዝኛ የሰጠው ማነው?

አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ውሰዱ (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። በ1914 ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ጀርመን አገር ሄደው የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ናቸው። ልጅየው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ገና በልጅነታቸው አዲስ ለተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት ጀመሩ፤ ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ማሊያ። ከ300 በላይ ግብ እንዳገቡ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። በ1954 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው፤ ከ1964 ጀምሮ በ1979 እስኪያርፉ ድረስም ፕሬዚዳንቱ።

ደቡብ አፍሪካም መሥራች ነበረች። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች። ከዚያ በኋላ አፓርታይድን ከእግር ኳስ ለማስወጣት በተደረገው ረጅም ትግል አቶ ይድነቃቸው ግንባር ቀደም ነበሩ። ሚኒያፖሊስ ለሚያድግ ጥቁር ልጅ ይህን በአማርኛ ከመንገር የተሻለ ምን ትምህርት አለ? ስማቸውን መተርጎም ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

ህንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ካፒል ዴቭ አውርቶ አይጠግብም። በክሪኬት መምታቱንም መወርወሩንም የሚችለውን “ኦልራውንደር” ይሉታል፤ እኛ ሁለገብ የምንለው መሆኑ ነው። የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ ስነግረው፣ “የናንተውማ ከሜዳ ውጭም ኦልራውንደር ነው” አለኝ። ለህንዳዊው የነገርኩትን ለገዛ ልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር።

ቃላቱስ? በረኛ፣ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ፣ የማዕዘን ምት። እኛ ሰፈር ደግሞ ቴስታና ሪጎሬ፣ ከጣሊያን የተረፉን። አብዶ! ሰዋስዉም እዚያው አለ። ወንዱን “አቀብለኝ”፣ ሴቷን “አቀብዪኝ”፣ ሁሉንም “አቀብሉኝ” ነው። ይህን በወረቀት ስናስጠና ልጆቹ ያዛጋሉ፤ ሜዳ ላይ የተሳሳተ ግን ኳሱ አይደርሰውም። በሰሜን አሜሪካ ያለን ትልቁ ዓመታዊ መሰባሰቢያ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ፣ የኳስ ውድድር አይደለም እንዴ? እዚያ ሜዳ ዳር የሚጮኸው በምን ቋንቋ ነው?

“ጨዋታ ብቻ ሆኖ ፊደሉ ይቀራል” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ ኳስ ፊደል አያስቆጥርም። ስለዚህ ፊደሉ በሰዓቱ ይቆይ። የምጠይቀው የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ በረዶው ሲለቅ፣ ማቲውስ ፓርክ፣ በአማርኛ ብቻ። የቡድን ልምምድ ያላቸው ልጆች ጉዳይም አለ። ክፍሉ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢጀምር ብዙዎቹ ከልምምድ በቀጥታ ይደርሳሉ፤ ላብ ላብ ቢሸቱም ይግቡ። አስተማሪዎቻችን በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ቢያዩልን።

ኳሱን እኔ አመጣለሁ። ከአባቶችም ከእናቶችም ሁለት በረኛ ያስፈልገናል፤ የኔ ጉልበት ለመውደቅ እንጂ ለመነሳት እምቢ ብሏል።