በሩስ ለማን ነው?

ባለፈው ወር በፊቸር አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ “አንድ ሕንጻ መርጣችሁ ግለጹ” ተባልን። እኔ ለንደን፣ ፓል ማል ጎዳና ላይ ያለውን ሪፎርም ክለብን መረጥኩ። ሄጄ አላየሁትም፤ ፎቶውንና ታሪኩን ግን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አጥንቻለሁ። ቻርለስ ባሪ የተባለው አርክቴክት ሮም ያለውን ፓላዞ ፋርኔዜን መነሻ አድርጎ ነው የሠራው። ሕንጻው እ.ኤ.አ. በ1841 ተጠናቀቀ። መሃሉ ላይ ጣሪያው መስታወት የሆነ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ዙሪያውን ዓምዶችና ሰገነት ከበውታል። ወጥ ቤቱን ያደራጀው አሌክሲስ ሶየር በጋዝ ያበስል ስለነበር በዘመኑ ሰው ጉድ ብሎ ሊያየው ይመጣ ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ አደነቅኩ።

ክፍል ውስጥ ሳነበው አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና “እና ማን ነው የሚገባው?” አለችኝ። ዝም አልኩ። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩበትም።

ተመልሼ አነበብኩ። ክለቡን በ1836 የመሠረቱት የ1832ቱን የምርጫ ማሻሻያ ሕግ የደገፉ፣ “የመምረጥ መብት ይስፋ” ያሉ ሰዎች ናቸው። ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው ግን በ1981 ነው። 145 ዓመት! ያቺ ልጅ በዚያ ዘመን አባል መሆን አትችልም ነበር። እኔ ደግሞ ሳላስበው በሐሳቤ ገብቼ ሶፋው ላይ ተመቻችቼ ነበር። ለነገሩ እኔንስ ማን ያስገባኝ ነበር!

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የግል ክለብን ዓምድና ምንጣፍ ቆጥሮ ማቆም ግማሽ ዘገባ ነው። ምክንያቱም ንድፉ ራሱ ሰው ይለያል። ዋይትስ የተባለው ክለብ በ1811 መግቢያ በሩን አዛውሮ በቦታው ወደ ጎዳናው ወጣ ያለ መስኮት አሠራ። እነ ቦ ብራመል፣ የዘመኑ ዘናጮች፣ እዚያ ይቀመጡ ነበር። መንገደኛው እንዲያያቸው ነው እንጂ እንዲገባ አይደለም።

“በግል ገንዘብ የተሠራ ቤት ነው፣ ምን አገባህ?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሰው በቤቱ የፈለገውን ይጋብዛል። ነገር ግን ዳኛና ባለሥልጣን አንድ ሶፋ ላይ አብረው የሚያወጉበት ቤት ተራ ሳሎን አይደለም። በ1831 የተመሠረተውን ጋሪክ ክለብን እንውሰድ። በመጋቢት 2024 ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ የታዋቂ አባላቱን ስም አወጣ። የስለላ ድርጅቱ የኤምአይ6 ኃላፊና የሲቪል ሰርቪሱ የበላይ ኃላፊ ከክለቡ ወጡ። በግንቦት አባላቱ ሴቶች አባል እንዲሆኑ በድምፅ ወሰኑ። በሩን ያስከፈተው የአርክቴክት እርሳስ አይደለም፤ የጋዜጠኛ ስም ዝርዝር ነው። ይህ ለእኛ ለተማሪዎቹ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ጽሑፌን እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን የሚጀምረው ከበሩ ነው። የመምህራን ላውንጃችንንም በር በዚሁ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ፤ ግን ማርክ ስለምፈልግ የእሱን ነገር እዚሁ ልተወው።

ቸር እንሰንብት።